ከቅጽራችን የሚወጣው ጎርፍ ወዴት ይሄዳል?
በከተማ አጥቢያዎች የዝናብ ውኃን ስለ መያዝና አፈርን ስለ መጠበቅ የተዘጋጀ ትምህርት

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ትጠራዋለች። በዚህ ወቅት ስለ ዝናም፣ ስለ ጠልና ስለ አፍላግ ፈጣሪን እናመሰግናለን፤ በቅዳሴያችንም ዝናሙ የምሕረትና የበረከት እንዲሆን እንለምናለን። ያው የለመንነው ዝናም ግን በየከተሞቻችን መንገድ ሲቆርጥ፣ ግንብ ሲያፈርስ፣ የድሆችን ቤት ሲያጥለቀልቅ እናያለን። በደን ላይ የዘነበ ዝናም ምንጭ ይሆናል፤ በቆርቆሮና በሲሚንቶ ላይ የዘነበው ያው ዝናም ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ ከሰማይ የሚወርደውን ከለመንን በኋላ፣ ምድር ላይ ሲደርስ እንዴት እንደምንቀበለው ማሰብ የእኛ ድርሻ ነው።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በከተማ ለሚገኙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለካህናትና ለልማት ክፍል ኃላፊዎች ነው። ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አናቀርብም። አብዛኛው በአካፋ፣ በድንጋይ፣ በሣርና በምእመናን ጉልበት የሚሠራ ነው።

1. የከተማ ጎርፍ ከወዴት ይመጣል?

ሣርና ዛፍ ባለበት መሬት ላይ የሚወርድ ዝናብ በመጀመሪያ በቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከዚያም በረገፈው ቅጠል መካከል ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ሥሮችና ትሎች የከፈቱት ቀዳዳ ውኃውን ወደ ውስጥ ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ፣ ቁልቁለቱ የበረታ ካልሆነ፣ በመሬቱ ገጽ የሚፈሰው ከዘነበው ውኃ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያና በሲሚንቶ ወለል ላይ ግን ከዘነበው ውስጥ ዘጠኝ እጁ ያህል ወዲያው ይፈሳል። ከተማ ማለት የጣሪያና የወለል ብዛት ስለሆነ፣ ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ ይጨምራል።

አዲስ አበባን ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማዋ በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተራራ ጀምራ፣ በደቡብ በ2,100 ሜትር ገደማ ወዳለው ወደ አቃቂ ሜዳ ትወርዳለች። በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንተይቀጡና ሌሎችም ወንዞች ይህን ውኃ ተቀብለው በታላቁና በትንሹ አቃቂ አማካይነት ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወስዱታል። ከእንጦጦ ግርጌ የተገፈፈው አፈር በየቱቦውና በየድልድዩ ሥር ደለል ሆኖ ይቀመጣል፤ የተረፈው ሐይቁን ይሞላዋል። እንግዲህ በላይኛው ሰፈር በአንድ ግቢ የሚሠራ ሥራ በታችኛው ሰፈር ላይ ውጤት አለው።

የድሬዳዋም ትዝታ ከዚህ ጋር ይነሣል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ነው፤ ሰው በዳርቻው ይኖራል፣ ይነግዳልም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከከተማይቱ በላይ ባሉት ደጋማ ተራሮች የዘነበው ከባድ ዝናብ በሌሊት በድንገት ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ያለ መጠለያ አስቀረ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ጎርፍ የሚፈጠርበት ቦታና ሰው የሚጎዳበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። በላይ ያለው ሰው በእርሱ ደጅ የሚፈሰውን ቀጭን ውኃ አይቶ ንቆት ሊያልፍ ይችላል፤ በታች ያለው ግን የሁሉንም ድምር ይቀበላል።

2. የእኛ ቅጽር ምን ያህል ውኃ ያወጣል?

ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የተተከሉት በኮረብታ ላይ ወይም ከፍ ባለ ቦታ ነው። ስለዚህ በብዙ ሰፈር ከሁሉ በላይ ያለው ሰፊ ግቢ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ጥንት ይህ ግቢ ጽድ፣ ወይራና ሣር የሞላበት ስለነበር ውኃ ያጠጣ ነበር። ዛሬ ግን የሕንፃው ስፋት ጨምሯል፤ ለምእመናን ምቾት ሲባል ዐውደ ምሕረቱ በሲሚንቶ ወይም በንጣፍ ድንጋይ ይሸፈናል፤ አዳራሽ፣ ሱቅና መኪና ማቆሚያ ይሠራል። እነዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉ ናቸው፤ የሚያወጡት ውኃ ግን አብሮ መታሰብ ይገባዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። እንበልና በአንድ ደብር የጣሪያው ስፋት 600 ካሬ ሜትር፣ የተነጠፈው ወለል ደግሞ 1,400 ካሬ ሜትር ቢሆን ድምሩ 2,000 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 60,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚህ ዘጠኝ እጁ ይፈሳል ብንል 54,000 ሊትር ይሆናል። ይህም 2,700 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ በየደቂቃው 45 ጀሪካን ውኃ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ወደ ታች መድፋት ማለት ነው። ቦታው ሣርና ዛፍ በነበረበት ጊዜ ከዘነበው አንድ አምስተኛው ብቻ ይፈስ ነበር ብለን ብናስብ 12,000 ሊትር ብቻ ይሆን ነበር። ልዩነቱ፣ ማለትም 42,000 ሊትሩ፣ ከግንባታው የመጣ ነው።

እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የራሱን ጣሪያና ወለል በሜትር ለክቶ ይህን ሒሳብ እንዲያሠራ እናሳስባለን። አዲስ ሕንፃ ወይም ንጣፍ ሲታቀድም የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ከመሐንዲሱ ጋር ሲነጋገር “ውኃው ወዴት ይሄዳል?” የሚለውን ጥያቄ ከዋጋው ጥያቄ እኩል ሊያነሣው ይገባል።

3. አፈር እንዴት ይጠረጋል?

አፈር የሚሄደው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ የዝናብ ጠብታ ራቁቱን ያለውን አፈር መትቶ ያላቅቀዋል፤ ቀጥሎም የሚፈሰው ውኃ የተላቀቀውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት መከላከያ አለን፤ አፈሩን ማልበስና የውኃውን ፍጥነት መቀነስ። የውኃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አፈሩን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንሰው ደግሞ ጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ልማዶችን ማንሣት ያስፈልጋል። አንደኛው በዛፍ ሥር የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጠርጎ ማውጣት ነው። ንጽሕና የቤተ እግዚአብሔር ክብር ነው፤ ምእመናን የሚቆሙበትና የሚሄዱበት ቦታ መጠረግ አለበት። ነገር ግን ሰው በማይረግጠው በደኑ ውስጥ የወደቀው ቅጠል የአፈሩ ልብስ ስለሆነ ሳይነካ ቢቀር ይሻላል። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ብቻ መትከል ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ገቢም ያስገኛል፤ ተቀራርቦ በተተከለበት ቁልቁለት ላይ ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ አይበዛም፤ ቅጠሉም ለማገዶ ከተሰበሰበ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። እርጅና የደረሰበት ባሕር ዛፍ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ሳይሆን በከፊል እያነሡ፣ በምትኩ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ወይም ብሳና እንደ ቦታው ከፍታ መተካት መልካም ነው።

4. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ. መመልከት። ከማናቸውም ቁፋሮ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ዝናብ እየዘነበ ግቢውን ይዙሩ። ውኃው ከየት ይገባል? በየት ይሰበሰባል? በየት ይወጣል? የሚወጣው ውኃ ጥሩ ነው ወይስ ቀይ ነው? የደፈረሰ ውኃ አፈራችን እየሄደ መሆኑን ይናገራል። ያዩትን በወረቀት ላይ በቀስት ምልክት ይሣሉት። ይህ ንድፍ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው።

ለ. ከላይ የሚመጣውን መቀልበስ። ከግቢው በላይ ካለ ቁልቁለት የሚገባ ጎርፍ ካለ የመቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። ቦዩ ቁልቁለቱን አቋርጦ ይቆፈራል፤ በ100 ሜትር ርቀት ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ከዚህ በላይ ከዘመመ ቦዩ ራሱ ይሸረሸራል። የወጣው አፈር በታችኛው በኩል ይከመርና ሣር ይተከልበታል። መጨረሻው ሣር ወደ ለበሰ ወይም በድንጋይ ወደ ተነጠፈ መውረጃ መድረስ አለበት፤ መድረሻው ያልታሰበ ቦይ አዲስ ቦረቦር ይፈጥራል።

ሐ. በጣሪያ ላይ መያዝ። አሸንዳና ታንከር ያለው ደብር ክረምት ሳያልቅ የበጋውን ውኃ ያከማቻል። ይህ ውኃ ለችግኝ፣ ለግንባታና ለጽዳት ይውላል፤ ሳይታከም ግን ለመጠጥ አይሆንም። ስለ መጠኑም እንወቅ። በምሳሌያችን ከ600 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ ከባድ ዝናብ 16,000 ሊትር ያህል ይወርዳል፤ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ዝናቡ ሳያባራ ይሞላል። ስለዚህ ታንከሩ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ሞልቶ የሚፈሰው ውኃ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

መ. ወደ ምድር ማስረግ። የቀረውን ውኃ በጠጠር የተሞላ የማስረጊያ ጉድጓድ ወይም ሣር የለበሰ ጎድጓዳ መደብ ሊቀበለው ይችላል። ነገር ግን ይህ በሁሉም አፈር አይሠራም። በኮረብታዎች ላይ የሚገኘው ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ውኃ ያሰርጋል። በሜዳማው ክፍል የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ማስረግ ይቅርና የሕንፃን መሠረት ያናውጣል። ስለዚህ አስቀድሞ መፈተን ይገባል። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረን በውኃ እንሞላለን፤ ሲሰርግ ደግመን እንሞላለን። ሁለተኛው ሙሌት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልሰረገ ቦታው ለማስረጊያ አይሆንም። ማስረጊያ ጉድጓድ ከማናቸውም ሕንፃ መሠረት ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፤ ከአጥር ግንብ ጀርባና ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብም አይቆፈር።

ሠ. የተረፈውን በሰላም ማውረድ። በቁልቁለት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ለስላሳ የሲሚንቶ ቦይ ውኃውን ያስሮጠዋል። በደረጃ የተሠራ ወይም ሻካራ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦይ ግን ፍጥነቱን ይሰብራል። ቱቦ በሚያበቃበት ቦታ ሁሉ ትልልቅ ድንጋይ መደርደር ግዴታ ነው፤ ቦረቦር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቱቦ አፍ ነው።

ረ. ቦረቦርን ማዳን። ቦረቦር ካለ በመጀመሪያ የሚገባበትን ውኃ እንቀንስ፤ ይህ ሳይሆን የሚሠራ ክትር አይቆይም። የድንጋይ ክትር ሲሠራ አራት ነገሮች ይጠበቁ። መሠረቱና ሁለቱ ጫፎቹ በመሬቱ ውስጥ ተቆፍረው ይግቡ። መካከሉ ከጫፎቹ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውኃው ጫፉን ዞሮ ይቆርጣል። ከሥሩ ውኃው የሚወድቅበት የድንጋይ ምንጣፍ ይኑረው። የታችኛው ክትር ጫፍ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ይራራቁ። ከክትሩ በስተጀርባ ደለል ሲሞላ ዴሾ ሣር፣ ቬቲቨር ወይም ቀርከሃ ይተከልበት፤ ድንጋዩ የሚይዘው ለጊዜው ነው፣ ሥሩ ግን ለዘለቄታው ይይዛል።

5. ስለ አጥር ግንብ የተለየ ማስጠንቀቂያ

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋው በቁልቁለት ላይ የተሠራ የአጥር ግንብ ነው። በብዙ ቦታ የግቢው አፈር ከውጭው መንገድ ወይም ከጎረቤት ጣሪያ ከፍ ብሎ በግንብ ተደግፎ ይገኛል። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፤ ውኃው መውጫ ካጣ ግንቡን ከኋላ ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ግንቡ በሌሊት ይወድቃል፤ የሚወድቀውም በታች በተኙት ላይ ነው።

የደጋፊ ግንብ ሁሉ የውኃ መተንፈሻ ቀዳዳ ሊኖረው፣ ከኋላውም ጠጠር ሊሞላ ይገባል። በጊዜ ብዛት የተደፈኑ ቀዳዳዎች በግንቦት ይከፈቱ። ከግንቡ ራስ በላይ አፈር ወይም የግንባታ ድንጋይ አይከመር። ግንቡ ወደ ውጭ ካዘመመ፣ ሆድ ካወጣ ወይም አግድም ከተሰነጠቀ ሰበካ ጉባኤው ሦስት ነገር ያድርግ፤ በታች ያሉትን ነዋሪዎች በአካል ሄዶ ያስጠንቅቅ፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ውኃው ወደዚያ እንዳይሄድ በጊዜያዊ ቦይ ይቀልብሰው። ይህ ገንዘብ እስኪገኝ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

6. ስለ መካነ መቃብርና ስለ ጸበል

በመካነ መቃብር ውስጥ መቃብሮች በሲሚንቶ ሲሸፈኑ በመካከላቸው ያለው ጠባብ መተላለፊያ የውኃ ቦይ ይሆናል፤ አፈሩ እየተጠረገ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ዐፅም እስከ መገለጥ ይደርሳል። በዚህ ስፍራ የማስረጊያ ጉድጓድ አይቆፈርም። ተገቢው ሥራ ከላይ የሚመጣውን ውኃ ወደ መቃብሩ ሳይገባ መቀልበስ፣ መተላለፊያዎቹንም በሣር ወይም ውኃ በሚያሰርግ የድንጋይ ንጣፍ ማልበስ ነው።

ጸበል ያለበት ደብር ደግሞ ከምንጩ በላይ ያለውን ቁልቁለት የጸበሉ ጎተራ አድርጎ ይመልከተው። በዚያ የሰረገ ዝናብ ነው በበጋ ምንጭ ሆኖ የሚወጣው። ስለዚህ ያ ቁልቁለት በዛፍና በሣር ይጠበቅ፤ የመኪና ማቆሚያና የቆሻሻ መጣያ አይሁን፤ መጸዳጃም ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከምንጩም በታች በኩል ይሠራ።

7. የዓመቱ መርሐ ግብር

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ልኬቱና ቁፋሮው ይሠራል፤ በበልግ ዝናብም የውኃው አካሄድ ይታያል። በግንቦት አሸንዳ፣ ቱቦና ቦይ ይጸዳል፤ የተጠረገው ደለል ከቦዩ ዳር አይተው፣ አለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አፈሩ በደንብ ሲርስ ሣርና ችግኝ ይተከላል። በክረምቱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ኃላፊ ግቢውን ዞሮ የታየውን ጉዳት ይመዝግብ። በጥቅምት ሰበካ ጉባኤው መዝገቡን ተመልክቶ ለመጪው ዓመት በጀት ይያዝ። የጥገና በጀት የሌለው ቦይ በሁለትና በሦስት ክረምት ተደፍኖ ራሱ አደጋ ይሆናል።

ሥራውን ለመከፋፈልም አያስቸግርም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ልኬቱንና ተከላውን፣ የልማት ክፍሉ ቁፋሮውን፣ ሂሳብ ሹሙ በጀቱን፣ ካህናት ደግሞ ትምህርቱን ይያዙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። በክብረ በዓል ቀን ብዙ ሕዝብ የሚቆምበትና የሚያልፍበት ቦታ አስቀድሞ ታስቦ መንገዱ ከተለየ፣ ሣሩና ችግኙ ሳይረገጥ ይቀራል።

8. ባልንጀራችን ማን ነው?

ውኃን ከግቢ ማስወጣት ቀላል ነው፤ አጥሩን በስቶ ቱቦ ማውጣት ይበቃል። ከአጥሩ በታች ግን ሰው አለ። ብዙ ጊዜም በታች ያለው፣ ከወንዙ ዳር ያለው፣ ከሁሉ ይልቅ ድሃው ነው። ቅዳሜና እሑድ ወደ እኛ ወጥቶ የሚያስቀድሰው፣ ለሕንፃው ሥራ ካለው ላይ የሚሰጠው እርሱ ነው። የሰጠው ገንዘብ ያሠራው ወለል በክረምት ውኃውን መልሶ በቤቱ ላይ የሚያፈስ ከሆነ፣ በጎ ሥራችን ጉድለት አለበት። አንድ ደብር በዐውደ ምሕረቱ ላይ የፍቅርን ወንጌል ሲሰብክ፣ ቱቦውም በታች በኩል ያንኑ መናገር አለበት።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትም ሊጠብቃትም ነው። ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የገነት ምሳሌ መሆኑን እናስተምራለን። እንግዲህ ከዚህ ስፍራ የሚወጣው ውኃ የሚያጠጣ እንጂ የሚያፈርስ እንዳይሆን መጠበቅ ከአገልግሎታችን የተለየ ሥራ ሊሆን አይገባም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሰበካ ጉባኤው ይህን ትምህርት ካነበበ በኋላ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ቢወያይና መልሱን በቃለ ጉባኤ ቢይዝ ጠቃሚ ነው።

1ኛ. የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያና የተነጠፈ ወለል ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስንት ሊትር ያወጣል?
2ኛ. ውኃው ከቅጽሩ የሚወጣው በስንት ቦታ ነው? በእያንዳንዱ መውጫ በታች ማን ይኖራል? ባለፈው ክረምት ምን እንደደረሰባቸው ጠይቀናቸዋልን?
3ኛ. የአጥር ግንባችን መተንፈሻ አለውን? ያዘመመ ወይም የተሰነጠቀ ክፍል አለን?
4ኛ. ከግቢያችን አፈር የቱ ክፍል ራቁቱን ነው? በዚህ ክረምት በምን እናለብሰዋለን?
5ኛ. ለቦይ ጽዳትና ጥገና በዓመቱ በጀት ውስጥ የተያዘ ገንዘብና የተመደበ ኃላፊ አለን?

ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ሁለተኛው ነው። ሁለት የጉባኤው አባላትና አንድ ካህን ከመጪው ክረምት በፊት ከአጥሩ በታች ወዳሉት ቤቶች ወርደው ነዋሪዎቹን ይጠይቁ፤ ከላይ ሆነን የማናየውን እነርሱ ያሳዩናል።